ጅቤን አርፒ ላይ እንዴት ሕያው ላድርጋት?

ጀጎል_ልጅ

ሰላም ለቤቱ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን የኦንላይን ጌም ነው የምጫወተው፣ አርጀንት ዶውን ሰርቨር ላይ፣ ሆርድ ከሚባለው ወገን። ገጸ ባሕርዬ ሴት ትሮል ናት (ከጌሙ ዘሮች አንዱ ነው)፣ ሙያዋ ሀንተር፣ ማለት አውሬ ገርታ አብራ የምትዋጋ አዳኝ። አብራት የምትዞር አንዲት ጅብ አለች። ከባረንስ ሜዳ ነው የያዝኳት። ስሟ ወራባ ይባላል፣ በሐረሪ ቋንቋ ጅብ ማለት ነው።

የሐረር ልጆች ስሙን ወዲያው ታውቁታላችሁ። እኔ ያደግኩት ጀጎል ግንብ አጠገብ ነው። ማታ ማታ ጅብ የሚያበላው ሰውዬ ከግንቡ ውጭ ቁጭ ብሎ በየስማቸው ሲጠራቸው፣ ሥጋውን በአጭር እንጨት አድርጎ ሲያቀብላቸው፣ አንዷ ደፍራ ስትቀርብ ሌሎቹ ጨለማው ዳር ዓይናቸው ብቻ እያበራ ተራቸውን ሲጠብቁ ስንቴ አይቻለሁ። ጌሙ ውስጥ ጅብ ቴም ማድረግ፣ ማለት መግራት፣ እንደሚቻል ሳውቅ ሌላ ፔት (አጃቢ እንስሳ) አላማረኝም።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ውጊያ ላይ ወራባ ጎበዝ ናት። አርፒ ላይ ግን፣ ማለት ገጸ ባሕርያችንን ሆነን ታሪክ ስንጽፍ፣ ወይ ታበዛዋለች ወይ ትጠፋለች። ባለፈው ሳምንት ክሮስሮድስ የሚባል የጌሙ ሰፈር ላይ እሳት ዙሪያ ስድስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አንዱ ኦርክ ስለ ሞተ ወንድሙ እያወራ ነው። እኔ ደግሞ በየሁለት መስመሩ ወራባ ሳቀች፣ ወራባ ዞረች፣ ወራባ አጥንት ቆረጠመች እያልኩ ጻፍኩ። ሲያልቅ ኦርኩን የሚጫወተው ልጅ በግል ጻፈልኝ። በትሕትና ነው፣ ግን ቅር ብሎታል። ጅብሽ ሐዘኔን ወሰደችው አለኝ። እውነቱን ነበር፣ በጣም አዘንኩ።

በማግሥቱ ፈርቼ ስለ እሷ ምንም አልጻፍኩም። አንድ ሰው መጥቶ ልክ እሷ የተኛችበት ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። መኖሯን ያየ የለም። ከዚያ ሌላው ተነስቶ ጅቧን በእርግጫ መትቼ አስወጣኋት ብሎ ጻፈ። ሳይጠይቀኝ። እኔም ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

እባካችሁ ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። መጠኑ ምን ያህል ነው? እንስሳን ከሰው እኩል ሳያደርጉ፣ ዕቃም ሳያደርጉ እንዴት ነው የሚጻፈው?

አሮጌ_ቀስት

እህቴ፣ እኔ በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ ሀንተር ነኝ። ጥያቄሽ ልቤን ነካው፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ድሮ ይህን ሥራ ግማሹን ጌሙ ራሱ ይሠራልን ነበር። አንድ አውሬ ቴም ለማድረግ 20 ሴኮንድ ሙሉ እየነከሰሽ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ። ከተሳካልሽ በኋላም ወዲያው ያንቺ አይሆንም። ስድስት የታማኝነት ደረጃ ነበር፣ የመጀመሪያው አመፀኛ፣ የመጨረሻው የልብ ወዳጅ። ምግብ መስጠት ግድ ነው፣ እሱም የሚበላውን ዓይነት። ድመት ሥጋና ዓሣ ነው የምትፈልገው፣ ዳቦ ብትሰጪያት ዞር ብላ አታይሽም። ደስ ያላት ፔት 125 በመቶ ትመታለች፣ የከፋት 75 በመቶ። ጭራሽ ከረሳሻት ጥላሽ ትሄዳለች፣ አትመለስም። እኔ አንድ ጊዜ አዳሬን ከተማ ውስጥ ንግድ ላይ ሆኜ ሥጋ ሳልይዝ ወጥቼ፣ ዱር መሐል ፊቷ ቀይ ሆኖ ሳየው እውነተኛ ከብት እንዳለው ሰው ነው የደነገጥኩት። ሩጫ ወደ ሥጋ ሻጩ!

ታማኝነቱ በ2008 ወጣ፣ ደስታው ደግሞ በ2011። ክላሲክ በሚባለው የድሮው ቅጂ ላይ ተመልሷል፣ አንቺ ያለሽበት ግን የለም። አሁን ፔትሽ አይርባትም፣ አይከፋትም፣ አትሄድም። ምንም የማይፈልግ እንስሳ ደግሞ ዕቃ ነው። ስለዚህ ፍላጎቱን አንቺ ነሽ የምትሰጪያት።

ትልቅ ነገር አትስጫት። ትንሽ ነገር። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባል የለ? ይህ ተረት ለእኔ የእንስሳ አጻጻፍ ትምህርት ሆኖኛል። እንስሳ ሳሩን ነው የሚያየው። ገደሉን፣ ማለት ታሪኩን፣ የምናየው እኛ ነን። ወራባ ስለ ኦርኩ ወንድም የምታውቀው የለም። የሚሸታት እሳቱ ላይ ያለው ሥጋ ነው። የሚሰማት የድምፁ መቀየር ነው። ስለዚህ ያን ማታ አንድ መስመር ይበቃሽ ነበር። ድምፁ ሲሰበር ጆሮዋን አቆመች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን መልሳ የፊት እግሮቿ ላይ አሳረፈች። አለቀ። እንዲህ ከሆነ ጅቧ ሐዘኑን አትወስድበትም። ሰዎቹ ዞረው እሱን ያዩታል፣ እሷ እንኳ ሰምታዋለችና።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም፣ ጅብ ስለምወድ ነው። የጅብ ሳቅ ሳቅ አይደለም። ያ ድምፅ የሚወጣው ስትባረር፣ ሥጋ ላይ ስትጣላ፣ ስትጨነቅ ነው። ሰው ደስ ሲለው ጅቡም ሳቀ ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። አንቺ እሳት ዙሪያ ሳቀች ስትዪ፣ ጅብ ለሚያውቅ ሰው ፈርታለች ማለትሽ ነው። ጭራዋን ተጠቀሚ። ቀጥ ብላ ከቆመች ተቆጥታለች ወይም ተነቃቅታለች፣ እግሯ መሐል ከገባች ፈርታለች። ደግሞ በጅብ መንጋ የበላዮቹ ሴቶቹ ናቸው። ወራባ ከወንድ አውሬ ጋር ስትገናኝ መንገድ የምትለቅበት ምክንያት የለም።

እርግጫውን በተመለከተ ሕጉ ለሰውም ለእንስሳም አንድ ነው። ሰውየው መሞከሩን ይጻፍ፣ ያገኛት አያገኛት የምትወስኚው አንቺ ነሽ። በግል ጻፊለት፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ወንድሜ የጅቧን ነገር ለእኔ ተውልኝ በይው። ብዙ ሰው የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን ፔቷ የጌሙ እንጂ የአንቺ ገጸ ባሕርይ አትመስለውም። እንቢ ካለ ትዕይንቱን ጥለሽ ሂጂ።

ማክሮ_ቤት

ከላይ ባለው እስማማለሁ። እኔ የቴክኒኩን ብቻ ልጨምር።

ሰው መኖሯን የማያየው አንደኛው ምክንያት ኢሞት፣ ማለት የድርጊት መስመር፣ ስትጽፊ ምንጊዜም የትሮሏ ስም ስለሚቀድም ነው። የወራባ ነገር ከስምሽ ኋላ ተደብቆ ይቀራል። ቶታል አርፒ 3 የሚባለውን አዶን (ጌሙ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ጫኚ። ለፔት የራሷን ፕሮፋይል መክፈት ይቻላል፣ ስም፣ ማዕረግ፣ መልክ፣ ሁሉም። አዶኑ ያለው ሰው ማውሱን ሲያሳርፍባት ያነበዋል። እዚያ ላይ ረጅም ታሪክ አትጻፊ። አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ የደረቀ ደም የሚሸት ትንፋሽ፣ ይህን የመሰለ ቶሎ የሚያዝ ነገር ብቻ። በዚያው አዶን የኤንፒሲ ንግግር የሚባል አለ፣ የአንቺ ስም ሳይቀድም ስለ እሷ መጻፍ ያስችልሻል።

ቁጭ ስትሉ ፔትስቴይ በሚለው ትዕዛዝ አንድ ቦታ አቁሚያት። ግድግዳ ጥግ፣ በር አጠገብ፣ እንጂ ሰው መሐል አይሁን። ያን ጊዜ ማንም አይቆምባትም። ፓሲቭ ላይም አድርጊያት፣ በራሷ እንዳታጠቃ። አንድ ጊዜ የእኔ ተኩላ የሠርግ ትዕይንት መሐል ያለፈች ጥንቸል አባሮ ገደለ፣ ሙሽሮቹ ቃል እየተገባቡ ሳለ።

አይስ ኦፍ ዘ ቢስት የሚለውን ችሎታም ሞክሪው። ካታክሊዝም ከሚባለው የጌሙ ማስፋፊያ ጋር ጠፍቶ ነበር፣ በሻዶውላንድስ ማስፋፊያ መልሰውታል። ትሮሏ ባለችበት ትቆማለች፣ አንቺ በወራባ ዓይን ትሄጃለሽ። ከታች ሆነሽ የሰውን ጉልበት፣ የጠረጴዛውን ሥር ታያለሽ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የምትጽፊው ይለወጣል፣ እኔ ላይ ተለውጧል።

የቦራ_ጌታ

እኔ ዎው (ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት) አልጫወትም። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን የሚባል ሌላ ጌም ላይ ሎርማስተር ነኝ፣ አብሮኝ ድብ አለ። ግን ነገሩ አንድ ነው።

ከወንድሜ ከአሮጌ_ቀስት አንድ ነገር ላይ እለያለሁ። ሁልጊዜ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ እንስሳው መጋረጃ ይሆናል። አንዳንዴ ታሪኩን ይጀምረው። አንድ ማታ አራት ሆነን ብሪ አካባቢ መንገድ ላይ ነበርን፣ ወሬ አልቆብናል። ድቤ ማር ሸትቶት ከመንገድ ወጣ ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም ተከተሉኝ፣ ተራ በተራ እየጨመሩ፣ ንብ የነደፈው አለ፣ የተጣለ ጋሪ ያገኘ አለ፣ የጋሪው ባለቤት የት ገባ ተባለና እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቆየን። ድቡ ግን ከማሩ በቀር ያደረገው ነገር የለም። ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን አንድ መስመር፣ ወሬ ሲያልቅ ደግሞ ይልቀቁት።

ሌላው ስለ ንግግር ነው። ያደግኩት ገጠር ነው። አባቴ ሁለት በሬ ነበረው፣ ቦራና ዳልቻ። ሲያርስ ያናግራቸው ነበር፣ ያንጎራጉርላቸዋል፣ ይቆጣቸዋል፣ እናታችን ምን እንዳለችው ሁሉ ይነግራቸዋል። ዳልቻ ቀንበሩን እየገፋ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቦራ ግን ስሙ ሲጠራ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ ያዞር ነበር፣ አንዱን ብቻ። እርምጃውን አያቆምም። አባቴ ያን ጆሮ ሲያይ መልስ እንዳገኘ ሰው ወሬውን ይቀጥላል። ፔታቸውን በሰው አፍ የሚያናግሩ ተጫዋቾች ሳገኝ ይህ ነው ትዝ የሚለኝ። ትሮልሽ ታውራ። ወራባ ጆሮ ታዙር።

ስሟን ደግሞ ወድጄዋለሁ። በእኛ አገር እንስሳ ለሰው ስም ያወርሳል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ጌታው ሲፎክር ራሱን በፈረሱ ይጠራል። እስቲ ትሮልሽን በዚህ መንገድ አስቢያት። ሰዎች በራሷ ስም ሳይሆን «የወራባ እመቤት» ብለው ቢጠሯትስ? ጠላት ሲመጣ እሷም እንዲያ ብላ ብትፎክር? አንድ ቀን ወራባን ሳታስከትል ብቅ ብትል ሁሉም ሰው ወራባ የት ገባች ብሎ ይጠይቃል።

አሮጌ_ቀስት

የማሩን ነገር ተቀብያለሁ። ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔ የሐዘኑን ማታ ብቻ እያሰብኩ ነው የጻፍኩት።

ስለ ፈረስ ስም ስታነሳ የዋርክራፍቱ አዳኝ ሬክሳርና ድቡ ሚሻ ትዝ አሉኝ። በ2003 የወጣው የዋርክራፍት 3 ማስፋፊያ፣ ፍሮዝን ስሮን ላይ ሬክሳር ሲመጣ ድቧ አብራው ነበረች፣ እስከ ዛሬ አንዱን ያለ ሌላው የሚያስብ የለም። እሷ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም።

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ እኔም ልጠይቅሽ። ወራባ ልትሞት ትችላለች? የሞተ ፔት የሚያስነሳ ሪቫይቭ ፔት የሚባል ችሎታ ስላለ ብዙዎቻችን አናስበውም። እኔ ለገጸ ባሕርዬ ወስኛለሁ፣ ተኩላዬ የጌሙ ውጊያ ላይ ይቆስላል፣ በትዕይንት ግን ከሞተ ሞተ። ይህን ከወሰንኩ ወዲህ ሰዎች እሱን ሲያስፈራሩ እጄ በእውነት ይንቀጠቀጣል።

ጀጎል_ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሞከርኩት፣ መጥቼ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ፕሮፋይሏን ሠራሁ። የተቀደደ ጆሮ፣ ከግራ የፊት እግሯ ላይ የጠፋ ጥፍር፣ እሱ ብቻ። ያንኑ የኦርክ ልጅ ይቅርታ ጠየቅኩትና አብረን ክሮስሮድስ ሄድን። ወራባን በሩ ጥግ አቆምኳት። ገና ስንቀመጥ አንዲት ታውረን መጥታ ጆሮዋን ምን ነካት አለችኝ። ማንም ስለ እሷ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ትሮሏ፣ በሥጋ ተጣልታ ነው፣ ያሸነፈችውም እሷ ናት አለቻት።

ኦርኩ ታሪኩን ከቆመበት ቀጠለ። ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። ወንድሙን የቀበረበት ቦታ ጋ ሲደርስ ለወራባ አንድ መስመር ጻፍኩ። አፍንጫዋን አነሳች፣ ጭራዋ ግን አልተነሳም። ከዚያ መልሼ ዝም።

ልጁ እጁ ላይ ካለው ሥጋ ቆርሶ መሬት ላይ አስቀመጠላት። እኔ አልጠበቅኩም። ወራባ ሥጋውን አየች፣ አልነካችውም፣ ዞራ ትሮሏን አየች ብዬ ጻፍኩ። ስድስቱም ዝም አሉ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም፣ ሁሉም የእኔን መስመር እየጠበቀ ነው። ያኔ ያ የጀጎል ሰውዬ በስም ሲጠራቸው ታየኝ፣ እኔም በስሟ ጠራኋትና ብዪ አልኳት።

ስለ ሞቷ የጠየቅከኝን ገና አልወሰንኩም ወንድም ዓለም። ጥያቄውን ካነበብኩ ወዲህ ግን ሎግ አውት ከማድረጌ በፊት ወደ በሩ ጥግ አያለሁ።