ለቴሌግራም የጸሎት ማኅበራችን ጠባቂ ቅዱስ ማንን እንምረጥ?

አስተባባሪው ጠየቀ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአማርኛ የሚጸልዩ ካቶሊካውያን በቴሌግራም የመሠረቱት የአንድ ማኅበር አስተባባሪ ነኝ። አባላቱ ከመቶ ጥቂት ይበልጣሉ፤ ከፊሎቹ በአዲስ አበባ፣ በእምድብርና በዓዲግራት፣ ከፊሎቹ በሆሳዕናና በሶዶ፣ የቀሩት ደግሞ በቤይሩት፣ በኩዌትና በሮም ይኖራሉ። ማታ ማታ የመቁጠሪያ ጸሎት በድምፅ አብረን እናደርሳለን፤ የሰንበቱን ወንጌል የሚያብራሩልን አንድ ካህንም አሉ።

ሦስት ዓመት ያህል ያለ ስም ከቆየን በኋላ ባለፈው ወር አንድ አባል «ጠባቂ ቅዱስ ይኑረን፣ ማኅበሩም በስሙ ይጠራ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም ተስማማ፤ ማንን የሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተግባባንም። ወጣቶቹ ካርሎ አኩቲስን፣ ትንሽ ያነበቡት የሴቪሊያውን ቅዱስ ኢሲዶሮስን፣ አረጋውያኑ ደግሞ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን ወይም ብፁዕ ገብረ ሚካኤልን ይላሉ። ነገሩን የሚያከብደው ግማሾቻችን የግእዝ፣ ግማሾቻችን የላቲን ሥርዓተ ቅዳሴ ተከታዮች መሆናችን ነው። ከዚህም ሌላ ከትዳር ጓደኞቻቸው ጋር አብረውን የሚጸልዩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ስላሉ፣ እነርሱን የሚያስከፋ ስም እንዳንይዝ እንጠነቀቃለን።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። እንደኛ ያለ፣ በየትኛውም ቁምስና (ደብር) ያልተመዘገበ ማኅበር ጠባቂ ቅዱስ ለመያዝ የማን ፈቃድ ያስፈልገዋል? ምርጫውስ በምን መመዘኛ ቢሆን ይሻላል?

አንባቢ ከአዲስ አበባ፦

መጀመሪያ ስለ ሁለቱ «የኢንተርኔት ቅዱሳን» ልናገር፤ ብዙ ሰው ሮም በአዋጅ የሰየመቻቸው ይመስለዋልና። ቅዱስ ኢሲዶሮስ በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሴቪሊያ ሊቀ ጳጳስ የነበረ፣ በ636 እ.ኤ.አ. ያረፈ ሊቅ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዘመኑ የነበረውን ዕውቀት ከሰዋስው እስከ ሕክምና፣ ከእንስሳት እስከ መርከብ ድረስ በ20 መጻሕፍት ሰብስቦ በየርእሱ ስላደረደረው፣ ኮምፒውተር በተስፋፋበት ዘመን ሰዎች ሥራውን ከመረጃ ቋት ጋር አመሳስለው ጠባቂያችን ይሁን አሉ። ስያሜው ከምእመናን ልማድ የመጣ እንጂ በይፋ የታወጀ አይደለም። እግረ መንገዴን፣ ኢሲዶሮስ ስለ ቃላት አመጣጥ ከጻፈው ብዙውን የዛሬ ሊቃውንት አይቀበሉትም፤ ያልተጣራ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ለሚተላለፍበት ለቴሌግራም ከዚህ የተሻለ አማላጅ አይገኝም የሚል ቀልደኛ ጓደኛ አለኝ።

ካርሎ አኩቲስ በ1991 ለንደን ውስጥ ተወልዶ ሚላኖ ያደገ፣ በ2006 በደም ካንሰር በ15 ዓመቱ ያረፈ ልጅ ነው። ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት መረጃ አሰባስቦ ድረ ገጽ አዘጋጀ። ብፅዕናው በ2020 አሲዚ ላይ፣ ቅድስናው ደግሞ መስከረም 7 ቀን 2025 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ታውጇል። ለወጣቶች የሚቀርብ ቅዱስ መሆኑን አልክድም። ሆኖም እናንተ በስልክ የምትገናኙት ስለተበታተናችሁ ነው እንጂ ኢንተርኔት ሥራችሁ ሆኖ አይደለም። በደብዳቤ የሚገናኙ ሰዎች ማኅበራቸውን በፖስታ ቤት ስም አይሰይሙም።

በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቃል የተሰየመ ጠባቂ ይሁንልን የምትሉ ከሆነ ግን፣ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ሊቀ መላእክት ቅዱስ ገብርኤልን የስልክ፣ የሬዲዮና የመሳሰለው ግንኙነት ሁሉ ጠባቂ አድርገውታል፤ በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ ላይም ቅድስት ክላራ ዘአሲዚን የቴሌቪዥን ጠባቂ አድርገዋል። ክላራ ታምማ ከአልጋ መነሣት ባልቻለችበት የልደት ሌሊት በቤተ ክርስቲያን የሚከናወነውን ሥርዓት በክፍሏ ሆና አየች፣ ሰማችም ስለሚባል ነው።

ከሐዋሳ፦

ቅዱስ ገብርኤልን ተውት እላለሁ፤ ጠልቼው ግን አይደለም። «የቅዱስ ገብርኤል ማኅበር» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቁልቢን ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቀን የናንተን ጸሎት ማን ይሰማዋል? በላቲን ሥርዓት ደግሞ በዓሉ ከሚካኤልና ከሩፋኤል ጋር መስከረም ላይ ስለሚከበር፣ አንዱ ማኅበር ሁለት በዓል ሊያከብር ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ተማሪ፦

ስለ ፈቃዱ እኔ ልመልስ። ለሀገር፣ ለሀገረ ስብከት ወይም ለገዳማዊ ማኅበር ጠባቂ ቅዱስ በይፋ ሲሰየም የሚጠበቀውን ሥርዓት በቫቲካን የአምልኮ ሥርዓትን የሚመለከተው ጉባኤ በ1973 ደንግጎታል፤ ምርጫው ከሚመለከታቸው ምእመናን ይነሣል፣ ሥልጣን ያለው ጳጳስ ያጸድቀዋል፣ ከዚያም ሮም ታረጋግጠዋለች። የእናንተ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት የሌለው፣ በግል ፈቃድ የተሰበሰበ ስለሆነ ይህን ሁሉ ደረጃ መውጣት አይኖርበትም፤ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ለአንድ ቅዱስ አማላጅነት እንደሚያስረክብ ያለ ነው። የሚያስተምሯችሁ ካህን ካወቁትና ከባረኩት ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ነው፤ በላቲኑ የሕግ መጽሐፍ ቀኖና 300 መሠረት ማንም ማኅበር ያለ ሥልጣነ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ይህን ስም ለራሱ መስጠት አይችልም፤ ስለዚህ የቅዱሱን ስም ብቻ ያዙ። ሁለተኛው ብፁዓንን ይመለከታል። ቅዱስ የተባለ ሰው በመላው ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ይከበራል፤ ብፁዕ ግን የሚከበረው በተፈቀደለት ሀገር ወይም ገዳማዊ ማኅበር ብቻ ነው። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ለኢትዮጵያውያን የራሳችን ናቸው፤ ማኅበራችሁ ግን ነገ ሮም ወይም ቤይሩት በአንድ ቁምስና ውስጥ በዓል ላክብር ቢል «ብፁዕ» መሆናቸው ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

ስለ እርሳቸው ሌላም የምለው አለኝ። በ1791 በጎጃም ተወለዱ፤ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ፣ ገዳም ለገዳም እየዞሩ መጻሕፍት የመረመሩ መነኩሴ ናቸው። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፣ በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሳለ አረፉ። በእስራቸው ጊዜ ግብጻዊው ጳጳስና ቤተ መንግሥቱ ስለነበራቸው ድርሻ ዛሬም በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል በረጋ መንፈስ የሚወራ አይደለም። ከኦርቶዶክስ ባለቤቷ ጋር የምትጸልይ እኅት በየቀኑ በዚህ ስም ሥር ስትቀመጥ ምን እንደሚሰማት አስቡበት።

ቤይሩት የኖረች፦

ሁላችሁም ስለ ካህናትና ስለ ሊቃውንት ተናገራችሁ። እኔ በቤይሩት ስድስት ዓመት በሰው ቤት ስሠራ ኖሬአለሁ፤ እንደዚህ ባለ የስልክ ጸሎት ውስጥም ነበርኩ። ምሽት ላይ ሥራ ጨርሼ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሰላም ለኪ ማርያም» የምልበት ሰዓት የቀኑ የራሴ ጊዜ ያ ብቻ ነበር። አስተባባሪው ወንድሜ፣ በቤይሩትና በኩዌት አሉን ካልካቸው አባላት ስንቶቹ እንደዚያ ናቸው?

ስለዚህ ቅድስት ዮሴፊና ባኪታን አቀርባለሁ። በዳርፉር በ1869 አካባቢ ተወለደች፤ ሕፃን ሳለች ታፍና ተሸጠች፤ ከድንጋጤ የተነሣ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም እንኳ ረሳች። «ባኪታ» የሸጧት ሰዎች የሰጧት ስም ሲሆን በዓረብኛ «ዕድለኛ» ማለት ነው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ስትተላለፍ በሰውነቷ ላይ ከመቶ በላይ ጠባሳ ተቀርጾባታል። በመጨረሻ ካርቱም ላይ አንድ የኢጣልያ ቆንስል ገዝቷት ወደ ኢጣልያ ሄደች፤ እዚያም ለአንድ ቤተሰብ ተሰጥታ ልጃቸውን ታሳድግ ጀመር። ይህን ሳነብ ልቤ ቆመ፤ የእኔም ሥራ ይኸው ነበርና።

እመቤቲቱ ወደ ሱዳን ልትመልሳት ስትመጣ ባኪታ ቬኔዚያ የካኖሳ ደናግል በሚባሉ መነኮሳት ቤት ለጥምቀት እየተማረች ነበር፤ «አልሄድም» አለች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኅዳር 29 ቀን 1889 ነፃ ሰው መሆኗ ተወሰነ። በጥር ወር ተጠመቀች፣ በኋላም ራሷ ከካኖሳ ደናግል አንዷ ሆነች። ስኪዮ በምትባል ከተማ ከአርባ ዓመት በላይ ስትኖር ምግብ አብስላለች፣ ጠልፋለች፣ በር ጠብቃለች። በ1947 አረፈች፤ ቅድስናዋ በ2000 ታወጀ። በዓሏ የካቲት 8 ቀን ከ2015 ጀምሮ በሰው ንግድ ለተጎዱት የሚጸለይበት ዓለም አቀፍ ቀን ሆኗል።

አስተባባሪው፦

እኅቴ፣ መልእክትሽን ለማኅበሩ አነበብኩላቸው፤ ብዙዎቹ በዝምታ ሰሙት። ከቤይሩት ሦስት እኅቶች ድምፃቸውን ወዲያው ሰጥተዋል። አረጋውያኑ ግን «ባኪታ መልካም ናት፣ ደ ያቆቢስ ግን የእኛ አባት ነው» ይላሉ። ይህንንም ማቃለል አልችልም።

ከዓዲግራት፦

ልጄ፣ አረጋውያኑ ያሉት እውነት አለው። ደ ያቆቢስ፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ እያልን የምንጠራው አባታችን፣ በ1800 በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ ተወልዶ፣ በ1839 ወደ ሀገራችን ገባ። በላቲን ሥርዓት ያደገ ሰው ሲሆን የግእዙን ሥርዓት አክብሮ ያዘ፤ ካህናቱንም በዚሁ ሥርዓት አሳደገ። በዚህ በእኛ በኩል ጓላ ላይ ዘርአ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ከፈተ። ታሰረ፣ ተሰደደ፣ በመጨረሻም በ1860 በሐምሌ ሙቀት ከምጽዋ ወደ ደጋ ሲወጣ መንገድ ላይ ዐረፈ፤ መቃብሩ ኤርትራ ውስጥ ሔቦ ነው። ቅድስናው በ1975 ታውጇል። ሁለት ሥርዓት ለተቀላቀለበት ማኅበር ከእርሱ የሚስማማ አላውቅም ብዬ ነበር የምጽፍልህ።

የእኅታችንን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ግን አንድ ቃል ትዝ አለኝ። እኛ በልጅነታችን «ጠባቂ ቅዱስ» ከማለት ይልቅ «ባልደረባ» እንል ነበር። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ ንጉሡ ፊት የሚቀርበው በባልደረባው በኩል ነው፤ ባልደረባው የሰውየውን ጉዳይ ጠንቅቆ ያውቃል፣ እርሱ ሊገባ በማይችልበት ደጅ ይገባለታል፣ መልሱንም ይዞለት ይወጣል። ባልደረባ የሚመረጥ በዝናው ወይም በሀገሩ ልጅነት አልነበረም፤ ጉዳዩን በማወቁ ነው። ታዲያ ከማኅበራችሁ ውስጥ ጉዳዩ የከበደው ማን ነው? እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቅዳሴ በእግሬ የምሄድ ሽማግሌ ነኝ፤ የእኔ ጉዳይ ሊቆይ ይችላል።

ባኪታን ዋና፣ አቡነ ያዕቆብን ተከታይ ጠባቂ አድርጉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ደረጃ ታውቃለች። ሐምሌ 24 በእኛ አቆጣጠር የእርሱ ዕረፍት ነውና በዚያ ቀን አረጋውያኑ ጸሎቱን ይምሩ።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ተማሪ፦

አባቴ ባሉት እስማማለሁ፤ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጆቹ የካቲት 8 በእኛ የካቲት 1 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ብቻ በአንድ ቀን ይለያያሉ። በዚያ ዓመት የትኛውን እንደምትይዙ ከአሁኑ ተስማሙ፤ አለበለዚያ ሮም ያሉት ትናንት፣ አዲስ አበባ ያሉት ዛሬ ሊያከብሩት ነው። የወር መባቻው በግእዙ ልማድ የልደታ ማርያም መታሰቢያ ስለሆነም የኦርቶዶክስ አባሎቻችሁ ቀኑን እንግዳ አይሉትም።

ቤይሩት የኖረች፦

ሰዓቱንም አስቡበት። የሰው ቤት ሠራተኛ በዓል ነው ብላ ቀን ላይ ስልክ አትይዝም። በቤይሩት ከምሽቱ አምስት ሰዓት (በፈረንጆቹ 23፡00) በፊት አትጀምሩ፤ ድምፅ ማሰማት ለማትችል ደግሞ ጸሎቱ በጽሑፍ ይላክላት።