ለዲስክ ጎልፍ ተጫዋች የትኛው ከተማ ይሻላል? ከሜሪላንድ ልንለቅ ነው

ሰንሰለት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ከሜሪላንድ ልንለቅ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። የቤት ኪራዩም ትራፊኩም አሰልችቶናል። እሷ ነርስ ናት፣ የትም ብትሄድ ሥራ አታጣም። እኔ የአይቲ ሥራዬን የምሠራው ከቤት ነው። ስለዚህ ለአንዴ እንኳን ከተማውን እኛ መምረጥ እንችላለን።

ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የቤቱን ዋጋ እኛው እናጣራለን። እዚህ የምጠይቃችሁ ስለ ዲስክ ጎልፍ ነው። ለማታውቁት፦ አካሄዱ እንደ ጎልፍ ነው፣ ግን በዱላና በኳስ ፋንታ ዲስክ ትወረውራላችሁ፣ ጉድጓዱ ደግሞ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ነው። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። አብዛኛው ሜዳ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስለሆነ ክፍያ የለውም። ለእኔ ከኮምፒውተር ፊት ተነስቼ ዛፍ መሀል የምገባበት ብቸኛ ሰዓት ነው። ከሌላ ነገር ልቀንስ እንጂ ከዚህ መቀነስ አልፈልግም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጌተርስበርግ ያለው ሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ በጣም ደስ የሚል ጫካ ነው፤ ችግሩ ከሥራ በኋላ አውራ ጎዳና 270 ላይ ተሰልፌ እስክደርስ ይመሽብኛል። ኮሌጅ ፓርክ ያለው ካልቨርት ሮድ ይቀርበኛል፣ ግን ትንሽ ነው።

ያሰብናቸው ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር፣ ሻርሎት፣ አትላንታ እና ፖርትላንድ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ኢምፖሪያ፣ ካንሳስ ካልሄድክ ይለኛል። የሜዳ ብዛት ስልኬ ላይ ዩዲስክ የሚባለው መተግበሪያ ያሳየኛል። ማወቅ የምፈልገው ኑሮውን ነው። የሥራ ቀን ማታ ምን ይመስላል? ጃንዋሪ ላይስ? ልጆቼ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው፣ እነሱንም ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ስለሆነ እሁድ ብቻ የሚጫወት ቡድን አይሆነኝም። እባካችሁ የምትኖሩበትን ንገሩኝ።

የሚኒሶታው

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ እዚህ ና። መንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ዙሪያ ለቁጥር የሚያስቸግር ሜዳ አለ፣ ሰዉም ጨዋታውን ያውቀዋል። ሳውዝ ሴንት ፖል ካፖሺያ ፓርክ ብትሄድ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ታገኛለህ፣ በነፃ። ኢደን ፕሬሪ ያለው ብራያንት ሌክ ያስከፍላል፣ ግን ክፍያው ሜዳው ላይ ይታያል። ኢስት ቤቴል ያለው ብሉ ሪበን ፓይንስ የግል ነው፣ ጥድ በጥድ ነው፣ ልጆችህን አንድ ቅዳሜ እዚያ ውሰዳቸው። ትንሽ ራቅ ብሎ ክሊርወተር ላይ ፕሪዘርቭ አለ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ ባለሙያዎች የተወዳደሩበት።

ስለ ማታው ጠይቀሃል። ጁን ላይ እዚህ የሚጨልመው ከምሽቱ 9 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት) በኋላ ነው። ራት በልተህ፣ ልጆቹን ይዘህ፣ 18ቱንም ቅርጫት ጨርሰህ ቤት ትገባለህ። ይህ ሜሪላንድ የለህም።

ጃንዋሪንም አልደብቅህም፣ ይበርዳል፣ በጣም ይበርዳል። ሰዉ ግን አያቆምም። ዲስኩ ላይ ረጅም ሪባን ትለጥፋለህ፣ በረዶ ውስጥ ሲሰምጥ ሪባኑ ከላይ ተዘርግቶ ይጠቁምሃል። ፕላስቲኩ ብርድ ላይ ስለሚደርቅ ለስለስ ያለውን ትይዛለህ። በአንድ እጅህ ጓንት፣ በምትወረውርበት እጅህ በኩል ባለው ኪስ ውስጥ የእጅ ማሞቂያ። ማታ ማታ ትንሽ መብራት ዲስኩ ሥር ለጥፈው የሚጫወቱ ሊጎች አሉ። ሐበሻውም ብዙ ነው፣ እንጀራና በርበሬ ፍለጋ አትንከራተትም።

ሀቫና_ጎዳና

እኔ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ነኝ። ስለ ዴንቨር አንድ ሰው ሳይነግርህ እንዳትመጣ የምፈልገው ነገር አለ፣ እሱም ከፍታው ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኩን ደግፎ የሚያንሳፍፈው ነገር ይቀንሳል። ሜሪላንድ ቀጥ ብሎ የሚሄድልህ ዲስክ እዚህ ቶሎ ወደ ግራ ይወድቃል (በቀኝ እጅህ በባክሃንድ፣ ማለትም ክንድህን በደረትህ ፊት አሻግረህ ከወረወርክ)። ስለዚህ ቦርሳህን ትቀይራለህ። ከባዱንና ግትሩን ታስቀምጥና በቀላሉ የሚታጠፈውን ትይዛለህ። ኮኒፈር ያለው ቢቨር ራንች ስትወጣ ደግሞ ከአዲስ አበባም ትንሽ ከፍ ብለሃል። እኛ ለትንፋሹ አዲስ አይደለንም፣ ዲስኩ ግን ይጠይቅሃል።

የሥራ ቀን ማታ ላልከው፣ ኤክስፖ ፓርክ ሀቫና ጎዳና አጠገብ ነው። የሐበሻው ምግብ ቤትም ሱቁም እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ተጫውተህ ስትጨርስ እንጀራህን ገዝተህ ትገባለህ። ሜዳው ግልጥ ያለ ነው፣ ነፋስ መወርወር ያስተምርሃል፣ ለልጆችም ይመቻል ምክንያቱም ዲስክ አይጠፋባቸውም። ክረምቱ እንደሚወራው አይደለም፣ በረዶ ይጥላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ፀሐይ ወጥታ ታቀልጠዋለች፣ ጃንዋሪ ላይ በሹራብ ብቻ የተጫወትኩበት ቀን ብዙ ነው። መጠንቀቅ ያለብህ ከሰመሩ የከሰዓት መብረቅ ነው። ሜዳ ላይ ከብረት ቅርጫት አጠገብ ቆመህ ነጎድጓድ ከሰማህ ጨዋታውን ትተህ ወደ መኪና። በዚህ ቀልድ የለም።

የሚጎድለን ጫካ ነው። ከተማው ውስጥ ያለው አብዛኛው ሣርና ጥቂት ዛፍ ነው። ጫካ ከወደድክ ተራራ መውጣት አለብህ፣ እሱም በሥራ ቀን አይሆንም።

ኢምፖሪያ ሄጄ ተጫውቻለሁ። ሕዝቧ 24 ሺህ ገደማ ነው፣ ዳይናሚክ ዲስክስ የሚባለው የዲስክ ኩባንያ የተመሠረተው እዚያ ነው፣ በ2016 እና በ2022 የዓለም ሻምፒዮናን አስተናግዳለች። ከተማው ሁሉ ስለ ዲስክ ጎልፍ ያወራል፣ ነፍስ ነው። ግን ቤተሰብ ይዘህ፣ ልጆችህ አማርኛ እንዲሰሙ ከፈለግክ፣ ለመጎብኘት እንጂ ለመኖር አልመክርህም።

ከስቶክሆልም

ለጨዋታው ብቻ ከሆነ አሜሪካን ተዋት፣ ፊንላንድ ነው። በሕዝብ ብዛት ስታሰላው ሜዳው ከአሜሪካ በጣም ይበልጣል፣ አብዛኛውም ነፃ ነው። የ2025 የዓለም ሻምፒዮናም የተካሄደው እዚያው ኖኪያ ከተማ ነው። ሰመር ላይ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ዲሴምበር ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ከሥራ ስትወጣ ብርሃን የለም፣ እሱን የሚችል ሰው መሆን ያስፈልጋል። አንተ ቪዛና ሥራ ውስጥ ስለማትገባ ይህን ለዕረፍት ጉዞ ያዘው።

ጥድ_መሀል

ሻርሎት ነኝ። ከላይ ያሉትን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ ሁሉም ስለ ከተማቸው እውነቱን ነው የተናገሩት። ግን ጥያቄህን ልብ ብዬ ሳየው አንተ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጫካ፣ እና ዓመቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ መድረስ። ከዘረዘርካቸው ሁለቱን አንድ ላይ የምትሰጥህ ሻርሎት ናት።

እዚህ ብዙ ሜዳ የተሠራው ጫካ ተመንጥሮ ሳይሆን ጫካው መሀል መንገድ ተከፍቶ ነው። ሆርኔትስ ኔስት፣ ኔቪን፣ ሪዲ ክሪክ፣ ረነሳንስ፣ ኢሎን ፓርክ፣ ሁሉም እዚሁ ነው። መወርወሪያው ላይ ስትቆም ፊት ለፊትህ የሚታይህ በሁለት ጥድ መሀል ያለ ጠባብ በር ነው፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ መንገዱ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ጉልበት ብዙ አይጠቅምህም። በሩን ከሳትክ ዲስኩ ግንድ ገጭቶ እግርህ ሥር ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ያደገ ተጫዋች ቀጥ አድርጎ መወርወር ያውቃል፣ ግልጥ ሜዳ ላይ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይቸገራል፣ በኋላ ግን ሌላ ተጫዋች ይሆናል።

ጃንዋሪ? ጃኬት ለብሰህ ትጫወታለህ። በረዶ ብርቅ ነው። እንዲያውም ክረምት ላይ ቅጠሉ ስለሚረግፍ መንገዱ ይገለጥልሃል፣ መዥገርም ይቀንሳል። ኦገስት ላይ ነው ችግሩ፣ ሙቀቱና ወበቁ ያደክማል፣ ስለዚህ በጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ቀዩ አፈር ሸክላ ነው፣ ያንሸራትታል። መወርወሪያው ሲሚንቶ ያልሆነበት ሜዳ ላይ በዝናብ ማግስት ጉልበትህን ጠብቅ።

ስለ ሐበሻው፣ እንደ ዲሲ እንዳትጠብቅ። ግን አለ፣ በምሥራቅ በኩል ሴንትራል አቬኑ አካባቢ ምግብ ቤት ታገኛለህ፣ ኪልቦርን ፓርክ የሚባለው ሜዳም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቤት ስትፈልግ ምሥራቁን አብረህ እይ።

ሌላ ከተማ ልታገኘው የማትችለው ደግሞ ሮክ ሂል ነው። ግማሽ ሰዓት ወደ ደቡብ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ። የአሜሪካ ሻምፒዮና ከ1999 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያ ዊንትሮፕ ዩኒቨርሲቲ ነው። ልጆቹን ይዘህ ሂድና 17ኛው ቅርጫት ጋ ቁሙ። ዙሪያውን በታሰረ ገለባ ተከልሏል፣ ዲስኩ ከገለባው ውስጥ ካላረፈ ቅጣት ነው። የዓለም ምርጥ ተጫዋች እዚያ እጁ ሲንቀጠቀጥ በዓይናቸው ሲያዩ ልጆችህ ራሳቸው ዲስክ ግዛልኝ ይሉሃል።

ዝናብ_የለመደ

ፖርትላንድ ለዓመታት ኖሬ አሁን ሲያትል ነኝ። ፒየር ፓርክ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል፣ ሰማይ የሚነካ ዛፍ ሥር ነው የምትጫወተው፣ ከተማው ውስጥ፣ በነፃ። ኤስታኬዳ ጋ ያለው ማይሎ ማክአይቨርም እንደዚያው ያምራል። ጁላይና ኦገስት ዝናብ እምብዛም የለም፣ ገነት ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን ዝናቡ ቀጭን ሆኖ አያባራም፣ ብርሃኑም ቶሎ ይጠፋል። ፎጣ ሁለት ሦስት ይዘህ ነው የምትወጣው፣ አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለዲስክ፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱ ሲርሱ። የቤት ዋጋ ከሆነ ያባረራችሁ፣ ፖርትላንድን እንደገና አስቡበት።

የአትላንታዋ

ወንድሜ፣ ሴት ተጫዋች ስለሌለች እኔ ልጨምር። ሜዳ ስትመርጥ ባለቤትህና ልጆችህ ምቾት የሚሰማቸው መሆኑን እይ። ጫካው ውብ ሆኖ ሽንት ቤት የሌለው፣ መኪና ማቆሚያው ጨለማ የሆነ ብዙ አለ። እኔ መጀመሪያ ብቻዬን በቀን ሄጄ አያለሁ፣ ከዚያ ነው ልጆቼን የምወስደው።

አትላንታ ውስጥ ፐርከርሰን ፓርክን እወደዋለሁ። ክላርክስተን አካባቢ ብትኖር ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም እጅህ ላይ ነው። ትራፊኩ ግን ከሜሪላንድ አይሻልም፣ ይህን አስምርበት፤ ከትራፊክ ሸሽተህ ወደ ትራፊክ እንዳትመጣ። በኢንተርስቴት 20 ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ብትነዳ አፕሊንግ ላይ የፒዲጂኤ (የዲስክ ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር) ዋና ጽሕፈት ቤት አለ፣ ሦስት ሜዳ አንድ ቦታ። አንዱ በኤድ ሄድሪክ ስም የተሰየመ ነው፣ የሰንሰለቱን ቅርጫት በፈጠረው፣ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ባቋቋመው ሰው። ሙዚየምም አለው። ልጆቼ እዚያ ውለው መመለስ አይፈልጉም።

የእሁዱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ፒዲጂኤ ድረ ገጽ ላይ የውድድሩን መርሐ ግብር በስቴት መርጠህ እይ። ሲ ቲር የሚባሉት ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃሉ፣ ቅዳሜ። ከዚያ በላይ ያሉት ግን ብዙ ጊዜ እሁድን ይነካሉ፣ ለእኛ አይመቹም። የቅዳሜ ውድድር የሚበዛበት ከተማ ላንተ ይሻልሃል። የሜዳውን ቁጥር ከማየት ይህን ማየት ይጠቅማል።

ሰንሰለት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩላት። ሚኒሶታ ስላት በረዶውን ስትሰማ እንቢ አለች። ፖርትላንድን በቤቱ ዋጋ ምክንያት አወጣነው። አሁን የቀሩት አውሮራና ሻርሎት ናቸው፣ እኔ ጫካ ስለምወድ ልቤ ወደ ሻርሎት ነው። ጥድ መሀል፣ አንድ ጥያቄ፦ የ7 ዓመቷ ልጄ ጫካ ውስጥ ዲስኳ ሁሉ ሲጠፋባት አትማረርም ወይ? ሊጎቹስ በሥራ ቀን አሉ?

የሚኒሶታው

ለባለቤትህ ጁንና ጁላይን አሳያት፣ ከዚያ ትወስን። በረዶውን ከነገርካትማ ማን እሺ ይላል። እኔ አሁንም አልተውኩህም።

ጥድ_መሀል

በሥራ ቀን ማታ ሊግ አለ፣ ከፀደይ እስከ መስከረም በየሜዳው ቀኑ ይለያያል። ልጅህን በተመለከተ ደማቅ ሮዝ ወይ ብርቱካናማ ዲስክ ግዛላት፣ አረንጓዴና ቡናማ አትግዛ። ቀለል ያለ፣ ከ150 ግራም የማይበልጥ ይሁን። ከትልቁ መወርወሪያ አታስጀምራት፣ መንገዱ መሀል ላይ አቁማትና ቅርጫቱ እየታያት ትወርውር። ኪልቦርንን መጀመሪያ አሳያቸው። ለመወሰን ስትመጡ ቅዳሜን ጨምራችሁ ኑ፣ ከመነሳትህ በፊት በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሜዳውንም ሰፈሩንም አብረን እናያለን።