ንዑስ ቡድን ትንተና፦ «ለሴቶች ሠርቷል፣ ለወንዶች አልሠራም» ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

ጠያቂ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ 480 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለናል። ለአንዱ ክንድ (ቡድን) በየሳምንቱ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ማስታወሻ ይደወልለታል፤ ሌላው የተለመደውን ክትትል ያገኛል። የምንለካው በ6ኛው ወር ግፊቱ ከ140/90 በታች የሆነውን ሰው ነው። ቁጥሮቹን ለጥያቄው እንዲመቹ ቀይሬያቸዋለሁ።

ሴቶች፦ ከተደወለላቸው 140 ውስጥ 91፣ ካልተደወለላቸው 140 ውስጥ 70፤ ፒ ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) 0.01።
ወንዶች፦ ከ100 ውስጥ 58፣ ከ100 ውስጥ 50፤ ፒ ቫልዩ 0.26።

አማካሪዬ «ለሴቶች ይሠራል፣ ለወንዶች አይሠራም ብለህ ደምድም» ይሉኛል። በዕድሜ (ከ50 በላይና በታች)፣ በመኖሪያ (ጅማ ከተማ ወይስ ዙሪያ ወረዳ)፣ በስኳር ሕመም፣ በጫትና ባነሷቸው ጥሪዎች ብዛትም ከፋፍያለሁ። የጫቱ ኢንተራክሽን (የጥሪው ውጤት በሚቅሙና በማይቅሙ መካከል መለያየቱ) ፒ 0.04 ወጣ። ምን ልጻፍ?

አባ ሎግ

እንደዚያ አትጻፍ። ሁለት ፒ ቫልዩ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ልዩነትን መፈተን አይደለም። የወንዶቹ ፒ ከፍ ያለው በከፊል ቁጥራቸው ስላነሰ ነው። መፈተን ያለበት ራሱ ልዩነቱ ነው፤ በካልኩሌተርም ይሠራል።

የሴቶቹ ኦድስ ሬሾ (በየክንዱ የተሳካላቸው ላልተሳካላቸው ተካፍሎ የሁለቱ ክንዶች ንጽጽር) 1.86፣ ናቹራል ሎጉ 0.619፣ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ በአጋጣሚ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል) 0.245። የወንዶቹ 1.38፣ ሎጉ 0.323፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.285። የሎጎቹ ልዩነት 0.296 ነው። ስታንዳርድ ኤረሮቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዛ፣ ደምር፣ ካሬ ሩት አውጣ፦ 0.375። 0.296 ለ0.375 ሲካፈል 0.79፤ ፒው 0.43 ነው። የሁለቱ ኦድስ ሬሾ ንጽጽር 1.34 ሲሆን ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (ከመረጃው ጋር የሚስማሙ ዋጋዎች ክልል፣ 95 በመቶ) ከ0.64 እስከ 2.81 ይዘረጋል። ማለትም በፆታ ልዩነት መኖሩን አላሳየህም፤ አለመኖሩንም አላሳየህም።

ከታተመ ጽሑፍ ላይ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ብቻ ካገኘህ የላይኛውን ሎግ ከታችኛው ሎግ ቀንስና ለ3.92 አካፍል፤ ስታንዳርድ ኤረሩን ይሰጥሃል።

የቡና ጥላ

አባ ሎግ የነገረህን በስታታ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነው፤ አርም እንዲሁ) ለመሥራት፣ በሎጂት ትእዛዝ ውስጥ በክንዱና በፆታው መሃል ሁለት ሃሽ (##) አድርግ፤ በአር ደግሞ ኮከብ (*)። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ኢንተራክሽን ያለበት ሞዴል ውስጥ የክንዱ ኮኤፊሸንት (ሞዴሉ ለክንዱ የሚሰጠው ቁጥር) አጠቃላዩ ውጤት አይደለም፤ የማጣቀሻው ቡድን ውጤት ብቻ ነው። ወንድን 0 ካልክ የምታነበው የወንዶቹን ነው። አጠቃላዩን ኢንተራክሽን ከሌለው ሞዴል ውሰድ።

በፐርሰንት ነጥብም አሳይ። ሴቶች ላይ 15 ነጥብ፣ ወንዶች ላይ 8 ነጥብ ነው፤ ልዩነቱ 7፣ ኢንተርቫሉ ከ-11 እስከ +25 ገደማ። ለጤና ጣቢያ ኃላፊ ከኦድስ ሬሾ ይልቅ ይህ ይገባዋል። ደግሞም በአንዱ መለኪያ ኢንተራክሽን ያለ መስሎ በሌላው የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ በየትኛው መለኪያ እንደፈተንክ ሳትጽፍ አትለፍ።

ዕድሜን 50 ላይ አትቁረጥ። የ49 እና የ51 ዓመት ሰው በምን ይለያያሉ? እንዳለ በዓመት አስገባው፤ ቀጥ ያለ መስመር ካልመሰለ ስፕላይን (መታጠፍ የሚችል መስመር) ተጠቀም።

በተነሡ ጥሪዎች ብዛት የከፈልከውን ግን ሙሉ በሙሉ አውጣው። ያልተደወለለት ሰው ጥሪ ሊያነሣ አይችልም፤ የምታነጻጽረው ቡድን የለህም። ከዕጣው በኋላ የመጣ ማንኛውም ነገር ንዑስ ቡድን መሥሪያ አይሆንም።

ሚዛን ነኝ

ስለ ጫቱ 0.04፦ በስድስት ፈተና ምንም እውነተኛ ልዩነት ሳይኖር ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች የሚወጣበት ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው፣ ፈተናዎቹ አንዱ ከሌላው ካልተያያዙ።

በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው አይሲስ-2 የተባለ ጥናት ሃርት አታክ የያዛቸው 17,187 ሰዎች ነበሩበት፤ አስፒሪን ሞትን በግልጽ ቀንሷል። አጥኚዎቹ ሕመምተኞቹን በኮከባቸው ሲከፍሏቸው ግን ገውዝና ሚዛን ላይ አስፒሪን ትንሽ የሚጎዳ መሰለ። ኮከብ ቆጣሪ ካልሆነ በቀር ማንም አላመነውም፤ ያስገቡትም ለዚሁ ማስጠንቀቂያ ነው። 17 ሺህ ሰው ላይ እንዲህ ከሆነ 480 ላይ አስበው። ለዋናው ውጤት 80 በመቶ ፓወር (እውነተኛ ልዩነት ካለ የማግኘት ዕድል) ያለው ጥናት ያንኑ ያህል ትልቅ ኢንተራክሽን የማግኘት ፓወሩ 29 በመቶ ያህል ነው፤ ለማስተካከል የሰው ብዛት አራት እጥፍ ይፈልጋል።

ሁለት ጥያቄ፦ ጫት ፕሮቶኮሉ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል? ወደ የት አቅጣጫ እንደሚያጋድልስ? ደግሞ መቼ ነው የጠየቃችኋቸው?

ጠያቂ (ጅማ)

ፕሮቶኮሉ ላይ ፆታና መኖሪያ ብቻ ናቸው። ጫቱን የጠየቅነው በ6ኛው ወር ነው። የመጀመሪያው ቀን ፎርም ላይም «ጫት ይቅማሉ?» የሚል አለ፣ ግን 37 ሰዎች ላይ ባዶ ነው።

ሚዛን ነኝ

እንግዲያው 0.04ው ወደቀ። በየሳምንቱ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» እየተባለ የተደወለለት ሰው ጫት ሊቀንስ ይችላል፣ ወይም ቀንሻለሁ ሊል ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን መልስ ተጠቀም፤ ቀድሞ ያልታቀደ መሆኑንም በግልጽ ጻፍ፤ ኮንሶርትም (በዕጣ የተከፈሉ ጥናቶች የሚዘገቡበት መመሪያ) የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ፎረስት ፕሎቱ (የየቡድኑን ውጤት በመስመር የሚያሳየው ሥዕል) ላይ ከጥሪዎቹ ብዛት በቀር ሁሉንም አስገባ፦ በየመስመሩ የሰው ብዛት፣ ውጤትና ኢንተርቫል፣ በየተለዋዋጩ አንድ የኢንተራክሽን ፒ። ለየቡድኑ ለብቻ ፒ አታስቀምጥ፤ አንባቢውን ወደ አማካሪህ ስሕተት ይመልሰዋል።

የቡና ጥላ

ለ37ቱ መልቲፕል ኢምፑቴሽን (ባዶውን መልስ ከሌላው መረጃ ደጋግሞ ገምቶ መሙላት) ከሠራህ ለሁለቱ ክንዶች ለየብቻ አስኪደው፤ የ6ኛውን ወር ውጤትም ሞዴሉ ውስጥ ጨምር። አንድ ላይ ካስኬድከው የምትፈልገውን ኢንተራክሽን ራሱ ኢምፑቴሽኑ ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። 6ኛው ወር ቡና ለቀማ ላይ ከዋለ ደግሞ ከወረዳ ሳይመጡ የቀሩትን በክንድና በመኖሪያ ቁጠራቸው።