ለአይኤልትስ ከባድ ቃላትን መሸምደድ ያዋጣል ወይስ ያከስራል?

ጠያቂው፦ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዬ ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። አንዱ ጓደኛዬ «በቀን 30 ከባድ ቃል ካልያዝክ ከዘጠኝ ሰባትን አታያትም» ይለኛል፤ ሌላው ዝርዝሩን ቅደደው ይለኛል። የማንን ልስማ?

ነርሷ ከዱባይ፦ ቅደደው። እኔ ከአንድ ማሰልጠኛ የገዛሁትን የቃላት ደብተር ከዳር እስከ ዳር ይዤ ገባሁ። ለብሪታንያ የነርሶች ምዝገባ በጽሑፍ 6.5፣ በቀሩት ሦስቱ (በንባብ፣ በማዳመጥና በንግግር) 7 ነበር የሚያስፈልገኝ። ጽሑፉ 5.5 ሆኖ መጣ። «ብዙ» ማለት ሲበቃኝ «ፕሌቶራ» የምትለዋን ቃል በአንድ ገጽ ሦስት ቦታ ሰክቻት ነበር። ሳስታውሰው እስካሁን አፍራለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እኅቴ፣ ደብተሩ ምን አጠፋ? ግስ ያላጠና ተማሪ ምን ቅኔ ይቆጥራል? የንባቡ ክፍል 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ የለም። እኔ የቋንቋ ተመራማሪዋ ኮክስሄድ ያዘጋጀችውን የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር፣ 570 የቃላት ቤተሰብ (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት)፣ በቃሌ ይዤ ነው የተሻገርኩት። ሽምደዳ ሽምደዳ እያላችሁ ስሙን አታጥፉ።

መምህሩ፦ ምሳሌህ ደስ ይላል፤ ግን ግማሹን ተውከው ወንድሜ። ያ ተማሪ ግሱን አጥንቶ ዝም አይልም፤ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ደብተር ታቅፎ የሚዞረውን ተፈታኝ ማን አረመው? በጽሑፍ ክፍል ቃላት ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ሩብ። ለዚያውም ፈታኙ የቃሉን ክብደት ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ቃል ጋር እንደዋለም ያያል። ጉንፋንን እንውሰድ። በአማርኛ ሰውን የሚይዘው ጉንፋኑ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። ቃላቱን ሕፃን ያውቃቸዋል፣ ተማሪዎቼ ግን ይገለብጡታል። «ስህተት ሠራሁ» ሲሉም «ሜክ» በሚገባበት «ዱ» ይከታሉ፤ ለእኛ ሁለቱም «ሠራ» ናቸውና። ይህን የትኛው ዝርዝር ነገራቸው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ሩብ ነው ብለው ናቁት እንዴ መምህር? ንባብና ማዳመጥስ? ቃሉን የማያውቅ ሰው ከየትኛው ቃል ጋር እንደዋለ እንዴት ይለያል? ለመጻፍ ዝርዝር አይበቃም ካሉ እሺ፤ አይጠቅምም ካሉ ግን አልቀበልም።

ነርሷ ከዱባይ፦ በሁለተኛው ዙር ደብተሩን አልከፈትኩትም። በየማታው 250 ቃል እየጻፍኩ ለሥራ ባልደረባዬ እሰጣት ነበር፤ በቀይ አድምታ ትመልስልኛለች። 6.5 መጣ። ንባቡ ላይ ደብተሩ ረድቶኝ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አልክድም።

ጠያቂው፦ እኔ እኮ የሚያርመኝ ሰው የለኝም።

መምህሩ፦ ዛሬ ማታ የከተማና የገጠር ኑሮን አነጻጽረህ 250 ቃል ጻፍና እዚሁ ለጥፈው፤ አርምልሃለሁ። «ፕሌቶራ» ካየሁበት ግን አላነበውም።