የእንቅልፍ ኪኒን ካቆምኩ ወዲህ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ያለፈበት ሰው አለ?

የሰሚቱ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ከዓመት በላይ ማታ ማታ ዲያዜፓም ባለ 5 ሚሊ እወስድ ነበር። የታዘዘልኝ ሥራ ቦታ በነበረ ጭንቀት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው። ለጥቂት ሳምንት ብቻ ተብሎ ነበር፣ ከዚያ የሰፈሩ ፋርማሲ ስለለመደኝ ወረቀትም መጠየቅ ተወና እንዲሁ ቀጠለ። ባለፈው ወር "አልቋል፣ መቼ እንደሚገባም አናውቅም" አሉኝ፣ በዚያው ቆመ። ሳምንት ሳይሞላ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እሱ ቀስ እያለ ቀለለ።

ጆሮዬ ግን መጮህ ጀምሮ ቀረ። በሁለቱም በኩል ነው፣ ቀጭን "ሲሲሲ" የሚል። ቀን የታክሲና የጄኔሬተር ጫጫታ ስላለ ይረሳኛል፣ ማታ ጋደም ስል ግን ጭንቅላቴን ሞልቶት አገኘዋለሁ። ሰሀን ሲጋጭ፣ በር ሲዘጋ እደነግጣለሁ። ጠዋት ጥርሴን ነክሼ ነው የምነቃው፣ አንገቴም ድርቅ ብሏል። እናቴ "ሰው እያነሳህ ነው" ትለኛለች። እንግዲህ የሚያነሳኝ ሰውዬም አይተኛም ማለት ነው።

ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፣ በመብራት አይቶ "ጆሮህ ንጹህ ነው፣ ጭንቀት ነው" ብሎ ሸኘኝ። ከኪኒኑ ጋር ይያያዛል? ይጠፋል? ጓደኛዬ የሰጠኝ ጥቂት ፍሬ አለ፣ እህቴ ደግሞ ዱባይ ስለምትሠራ ከዚያ ላክልህ እያለችኝ ነው። ልመለስበት ወይስ ልታገስ?

ነጭ ጋውን

ፋርማሲስት ነኝ፣ ሐኪምህ ግን አይደለሁም። አዎ፣ በደንብ ይያያዛል።

ዲያዜፓም የሚሠራው ጋባ የሚባለውን የአእምሮ ማረጋጊያ ኬሚካል በማገዝ ነው። ለወራት ሲወሰድ አእምሮ እገዛውን ስለሚለምድ ለራሱ ጋባ የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ኪኒኑ ድንገት ሲቀር እንግዲህ የሚያረጋጋው ነገር ትንሽ ነው፣ ነርቩ ሁሉ ደግሞ ነቅቷል። ላቡም፣ መንቀጥቀጡም፣ የሰሀኑ ድምፅ መክበዱም፣ የጆሮ ጩኸቱም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የሚዘገይበትም አለ።

እንዲህ በአንዴ መቆሙ ነው አደገኛው። ራስ አስቶ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሊያመጣ ይችላል፣ መጠኑ ከፍ ካለና መጠጥ ካለበት ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ክሎናዜፓምና መሰሎቻቸው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ያጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 እዚያው አሜሪካ የወጣው የሐኪሞች መመሪያ፣ ሲጀመር በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ብቻ ቀንሱ ነው የሚለው። በ2 ሳምንት ውስጥ ከ25 ከመቶ በላይ መቀነስ የለበትም። ወረቀት ሳያዩ የሚሸጡት የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

የጓደኛህን ፍሬ አትንካ። ካቆምክ ሳምንታት ስላለፉ የከፋው ጊዜ አልፎህ ይሆናል። ተመልሶ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀነስ ወይስ እንዲሁ ይቀጥል የሚለውን ያዘዘልህ ሐኪም ወይም የአእምሮ ሐኪም ይወስን። አንድ ማታ ውጦ ሦስት ማታ መተው ግን ነርቭህን መጫወቻ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወቀሳ አይደለም፦ ጫት ትቅማለህ? ምርቃናውን ለማብረድ ዲያዜፓም የሚውጥ ወይም ጨብሲ የሚወጣ ሰው በየቀኑ ስለማይ ነው። መጠጥም ጋባ ላይ ነው የሚሠራው። ማታ ያስተኛህ ይመስላል፣ ሌሊት ላይ ያነቃሃል፣ ጠዋት ጩኸቱ ብሶ ይጠብቅሃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ አይዞህ፣ አልፌበታለሁ። የኔ ሎራዜፓም ነበር፣ እዚህ አቲቫን የሚሉት። ጩኸቱ ቀጥ ብሎ አይደለም የሚጠፋው። ሁለት ቀን ጭጭ ይላል፣ "ተገላገልኩ" ስትል ተመልሶ ይመጣል፣ ከዚያ የሚጠፋበት ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 ሰውን ከነዚህ ኪኒኖች የሚያላቅቅ ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን የጆሮ ጩኸትን ከምልክቶቹ መሀል ይቆጥሩት ነበር። ይህን ሳውቅ እብደት እንዳልሆነ ገባኝ።

ስለ ጥርስህ ያልከውን ግን ማንም አላነሳውም። አሁኑኑ ሞክር፦ ጥርስህን ጥብቅ አድርገህ ንከስ፣ ከዚያ መዳፍህን ግንባርህ ላይ አድርገህ በአንገትህ ግፋ። ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ካለ መንጋጋህና አንገትህ እጃቸው አለበት። ከመንጋጋና ከአንገት የሚመጡ ነርቮች ከጆሮ የሚመጣው መልእክት መጀመሪያ የሚያርፍበት የአእምሮ ግንድ ላይ ይደርሳሉ። ለዚህ ነው ጡንቻ ሲወጠር ድምፁ የሚለወጠው። እኔ የጥርስ ሐኪም ማታ የሚነከስ ፕላስቲክ ሠራልኝ፣ ፊዚዮቴራፒም ሄድኩ፣ ግማሹ በዚያ ቀለለ።

ጸጥታ አትፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጤናማ ጆሮ ያላቸው 80 ሰዎችን ድምፅ የማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው፣ 94 ከመቶዎቹ የሆነ ድምፅ ሰማን አሉ። ሁላችንም ውስጥ አለ ማለት ነው፣ የኛ አእምሮ በፍርሃት ስለሚያዳምጠው ነው የሚጎላው። እኔ ቬንትሌተር ከፍቼ ነው የምተኛው፣ ሚስቴ በክረምትም ብርድ ልብስ ደርባ ቻለችኝ። ጆሮህን በጥጥ ደፍነህ አትዋል፣ ይብስበታል። በየሰዓቱ "አለ ወይስ የለም" እያልክ መፈተሹንም ተው፣ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነበር። ሲቢቲ የሚባል የንግግር ሕክምና አለ፣ የጆሮ ሐኪሞቹ መመሪያ ራሱ የሚመክረው እሱን ነው። ጊንኮ የሚባል የቅጠል መድኃኒት ምናምን እያሉ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡትን ግን አትግዛ፣ ያው መመሪያ አይመከርም ብሏል።

እማማ ጽጌ

ልጄ እግዜር ይማርህ። እኔ በወጣትነቴ የሳንባ መርፌ ስወጋ የጀመረኝ ጩኸት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የኔው የመርፌው ጉዳት ነው፣ አይመለስም ብለውኛል፣ ያንተ ሌላ ነው። ለምጄው አሁን ካልጠየቁኝ ትዝም አይለኝ። ጸበልም ሂድ፣ ልብ ያሳርፋል። ግን ሐኪም የሰጠህን ነገር ጸበል ቦታ ሄደህ በአንድ ቀን እንዳትጥል፣ እንዲህ ሆኖ የወደቀ ሰው አይቻለሁ።

ዴራ

እህትህ እንዳትልክ፣ አንተም ይዘህ እንዳትሄድ። ኤምሬትስ ውስጥ ዲያዜፓም ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፣ ለራስ እንኳ ይዞ ለመግባት ቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። በሰው ሻንጣ የተላከ አንድ ካርቶን ኪኒን የእህትህን ሥራ ብቻ ሳይሆን ነፃነቷንም ሊያሳጣት ይችላል። ቀልድ የለውም እዚህ።

የሰሚቱ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማማ እርስዎንም በተለይ። እህቴን ተይ ብያታለሁ። ጥርሴን ስነክስ ድምፁ በእጥፍ ነው የጨመረው፣ ደነገጥኩም ደስም አለኝ። ጫት አልቅምም፣ ቢራ ግን ካቆምኩ ወዲህ ጨምሬያለሁ፣ እሱን እንግዲህ እናያለን። ያዘዘልኝን ሐኪም ለሰኞ ይዣለሁ። ቡናስ? ቢሮ ሁሉም ቡና ነው ያስጮኸህ ይለኛል።

ነጭ ጋውን

ቡናህን ጠጣ። ቡና መተው ጩኸት እንደሚቀንስ የሚያሳምን ማስረጃ የለም፣ ድንገት ብትተው ደግሞ ራስ ምታት ትጨምራለህ። ከሰዓት በኋላ ብቻ ለእንቅልፍህ ስትል ተወው።

ሰኞ የመስማት ምርመራ እንዲጻፍልህ ጠይቅ፣ በመብራት ማየት ኩክ መኖሩን እንጂ መስማትህን አይለካም። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት ካለም ተናገር። ብዙ አስፕሪን፣ የወባው ኩዊኒን፣ ጄንታማይሲን መርፌ፣ ሁሉም ጆሮ ያስጮሃሉ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ልብ ምት ድም ድም ካለ፣ ወይ ሲያዞርህ ቀጠሮ አትጠብቅ። አንድ ጆሮህ ድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ በዚያው ቀን ሂድ፣ የሚረዳው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ነው በደንብ የሚሠራው። ሐኪሙ ምን እንዳለህ መጥተህ ጻፍልን።