ከኮምቦልቻ ሆኖ የባሕር ማይል እንዴት ይጠራቀማል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በባሕር ዳርቻ የሸራ ጀልባ ለመምራት የሚያበቃውን፣ እንግሊዞቹ ያችማስተር ኮስታል የሚሉትን የብቃት ወረቀት ማውጣት እፈልጋለሁ። (ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እናቴም ስቃለች።) የንድፈ ሐሳቡን ኮርስ በኢንተርኔት ጨርሻለሁ። የኮምፓስን ስህተት ማረም፣ የውሃው ፍሰት ጀልባውን ወዴት እንደሚገፋ ካርታ ላይ ማስላት አያቅተኝም። ቦውላይን የሚባለውን ቋጠሮ ዓይኔን ጨፍኜ እቋጥራለሁ።

የተያዝኩት ልምዱ ላይ ነው። ለፈተናው ለመቅረብ 30 ቀን ባሕር ላይ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ 2ቱን ራስ ጀልባውን እየመሩ። 800 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል) መጓዝና በድምሩ 12 ሰዓት የሌሊት ጉዞም አለ። የልምዱ ግማሽ ደግሞ ውሃው ሞልቶ በሚጎድልበት ባሕር መሆን አለበት። ሐይቅ ድረስ እየሄድኩ ከዓሣ አጥማጆች ጋር እቀዝፋለሁ፤ ለጡንቻ እንጂ ለወረቀቱ አይረባም። ግሪክና ቱርክን አሰብኩ፤ እዚያ ግን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቪዛውን ተዉት።

ቀረብ የሚለኝ ጅቡቲ ነው። ሾፌር ጓደኞቼ ወደቡ ድረስ ያደርሱኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ሰው የለም።

ከጅቡቲ በሚነሳ የሸራ ጀልባ ላይ በረዳትነት ገብቶ ማይል ያስመዘገበ ካለ፣ ቦታውን ያገኘው ማንን ጠይቆ ነው?