የጊታሬ ብሪጅ ከኋላው እየተነሣ ነው፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። ከ3 ዓመት በፊት የገዛሁት፣ የብረት ክር ያለው ርካሽ ጊታር አለኝ። ክረምቱን በሙሉ ከጣና ብዙም በማይርቀው ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርሞ መስከረም ላይ ሳወርደው፣ የክሮቹ ጫፍ የሚያዝበት ብሪጅ በኋላ ጠርዙ በኩል ተላቅቆ አገኘሁት። ወረቀት ሳስገባበት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ክሮቹም ከፍ በማለታቸው ከ5ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከተቀበሩት ቀጫጭን ብረቶች) ወዲያ መጫን ጣት ያማል። አንዱ ጓደኛዬ ሱፐር ግሉ አንጠባጥብበት ይለኛል፤ ሌላው በብሎን እንዳስረው ይመክረኛል። የጊታሩ ዋጋ ባለሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ስላልሆነ በራሴ እጅ ልጠግነው አስቤያለሁ።

አናጢው፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድመው ዛሬውኑ ክሮቹን ያላሉ። ስድስቱ የብረት ክሮች ሲቃኙ በድምሩ ወደ 70 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ብሪጁን ወደ አንገቱ ስለሚጎትቱት፣ ክፍተቱ ውሎ ባደረ ቁጥር ይሰፋል።

ሱፐር ግሉውን ይተዉት። በርካሽ ጊታሮች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ብሪጁ በቫርኒሹ ላይ መለጠፉ ነው፤ ኮላ ደግሞ ባዶ እንጨት ካላገኘ አጥብቆ አይዝም። ወረቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ከገባ ብሪጁን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ይሻላል። መጀመሪያ ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ከበው ምልክት ያድርጉ፤ በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ከተዛነፈ ጊታሩ ከዚያ በኋላ አይቃኝም። ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጭ ፕላስቲክ አውጥተው፣ ብሪጁን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በካውያ ያሙቁትና ቀጭን ቢላዋ ከኋላ በኩል ቀስ እያሉ ያስገቡ። እንቢ ካለ መልሰው ያሙቁት እንጂ አይፈልቅቁት፤ የፊቱ እንጨት ተልጦ ይወጣል። ከዚያ በብሪጁ ሥር ያለውን ቫርኒሽ ብቻ ፍቀው ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ነጩን የእንጨት ኮላ በስሱ ቀብተው በሞርሳ አጥብቀው ለ24 ሰዓት ያቆዩት።

ክራር ደርዳሪ፦

በአናጢው ምክር ላይ ጥቂት ልጨምር። የክራር ብርኩማ ያለ ኮላ የሚቆመው ክሮቹ ወደ ታች ስለሚጫኑት ነው፤ የጊታር ብሪጅ ግን ክሮቹ ከራሱ ስለሚታሰሩ ሁልጊዜ የመነቀል ጉተታ አለበት። ጓደኛዎ ስለ ብሎን የተናገሩትም ከንቱ አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች በብሪጁ ላይ ከሚታዩት ትናንሽ ክብ ነጠብጣቦች ሥር ብሎን ይደብቃሉ፤ ቢላዋ ከማስገባትዎ በፊት በድምፅ ቀዳዳው በኩል በመስተዋትና በስልክ መብራት ዳዶ መኖሩን ይመልከቱ። ሞርሳው አፉ አጭር ሆኖ ካልደረሰም፣ በ1ኛውና በ6ኛው ክር ቀዳዳ ቀጭን ብሎን አሳልፈው፣ ከውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ቁራጭ ጣውላ ደግፈው በዳዶ ማጥበቅ ይቻላል፤ አዲስ ቀዳዳ መብሳት አያስፈልግም።

በክረምት የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ነው፤ እንጨት ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ይኮማተራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚበረታው ሙቀትም ኮላን ያላላል። ጊታሩ በውጭ ግድግዳ ላይ ባይሰቀል እመርጣለሁ።

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዳዶ አልነበረውም፤ ቫርኒሹ ግን አናጢው እንዳሉት ከብሪጁ ሥር ሙሉ ለሙሉ ተቀብቶ ተገኘ። ካውያውን ጥቂት አብዝቼ ከጠርዙ አጠገብ አንድ ነጭ እድፍ ትቼበታለሁ፤ ድምፁን አልጎዳውም። በሁለት ብሎኖች አጥብቄ አንድ ቀን ሙሉ ካሳደርኩት በኋላ፣ ለጥንቃቄ ሌላ ሁለት ቀን ጨምሬ ቀጠን ያሉ ክሮች አሠርሁበት። በ12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ከ4 ሚሊ ሜትር ወደ 2.5 ወርዷል፤ ወረቀቱም ከየትኛውም ጎን አይገባም።